ኢቮ 9፦ ከ5500 ዙር በላይ ነዳጅ ያንሰዋል፣ ማፑ (የኮምፒውተሩ የነዳጅ ሰንጠረዥ) ላይ ልጨምርለት?

ኢቮ9_ዴንቨር፦

ሰላም ለሁላችሁ። 2006 ላንሰር ኢቮ 9 አለኝ። የምኖረው ዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ነው፤ ከባህር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። የቀድሞው ባለቤት በደቂቃ 1000 ሲሲ ነዳጅ የሚረጭ ኢንጀክተርና በሰዓት 255 ሊትር የሚገፋ የነዳጅ ፓምፕ አስገጥሞበታል። ማርሚታውም ሙሉ በሙሉ ተቀይሯል። ቱርቦው ግን የፋብሪካው ነው። ቡስቱ (ቱርቦው አየሩን የሚያምቅበት ግፊት) መሀል ላይ 23 ፒኤስአይ ይነካና ላይኛው ዙር ላይ ወደ 20 ይወርዳል። ቤንዚኑ እዚህ ፕሪሚየም የሚባለው ባለ 91 ኦክቴን ነው። የምፈልገው ክራንኩ ላይ 380 ፈረስ ጉልበት ነው። ከዚያ በላይ አልመኝም፣ ሞተሩ ሳይከፈት ብዙ ዓመት እንዲያገለግለኝ ነው የምፈልገው።

የጭሱን ኦክስጅን የሚለካ ዋይድባንድ ሴንሰር ገጥሜ ሎግ ማድረግ (ቁጥሮቹን መመዝገብ) ጀምሬያለሁ። በሦስተኛ ማርሽ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ስረግጠው ከ3500 እስከ 5500 ዙር ድረስ የአየርና የነዳጅ ምጥጥኑ 11.3 ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ መውጣት ይጀምራል፣ ነዳጁ እያነሰ ነው ማለት ነው። 6000ን ሲያልፍ 12.9 ይደርሳል፣ የማንኳኳት (ነዳጁ ያለ ሥርዓት ፈንድቶ ሞተሩን የሚመታበት) ቆጣሪውም ይነሳል። እኔም እዚያው ላይ እግሬን አነሳለሁ።

ሁለተኛው ችግር ሚኒሞ ላይ (ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ ሲሠራ) ነው። ዙሩ አይረጋም፣ ይወርዳል ይወጣል። ኮምፒውተሩ ራሱ የሚጨምረው የረጅም ጊዜ የነዳጅ ማስተካከያ ሚኒሞ ላይ +12%፣ በዝግታ ስነዳ ደግሞ +5% ነው።

አንድ ጓደኛዬ ላፕቶፑን ክፈትና ከ5500 በላይ ያለው የነዳጅ ሰንጠረዥ ላይ 15% ጨምር፣ ያልቃል ይለኛል። ሌላው ደግሞ ኢ85 (አብዛኛው ኤታኖል የሆነ ነዳጅ) ቅዳበት፣ ማንኳኳቱ ይጠፋል ባይ ነው። ገመዱም፣ የመኪናውን ኮምፒውተር የሚጽፈው ኢሲዩፍላሽ ፕሮግራምም አለኝ፣ መጻፍ እችላለሁ። ግን ሳልጠይቅ መንካት አልፈለግኩም። ምን ትላላችሁ?

ቴስታታ፦

ወንድሜ፣ ማፑን አትንካ። ሳትጠይቅ አለመንካትህ ጥሩ ነው። እስከዚያው ግን ከ5000 ዙር በላይ በሙሉ ጭነት አትነዳው። ቡስቱንም ቀንሰው። 12.9 በዚያ ቡስትና በ91 ቤንዚን ፒስተን የሚሰነጥቅ ቁጥር ነው።

ለምን ማፑን አትንካ እንዳልኩህ ላስረዳህ። ነዳጁን በተመለከተ ኮምፒውተሩ የሚወስነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ኢንጀክተሩን ስንት ሚሊሰከንድ ልክፈተው የሚለውን። ኢንጀክተርህ 1000 ሲሲ ነው የሚባለው ወደ ኢንጀክተሩ በሚገባው ነዳጅና በማኒፎልዱ (አየር ማስገቢያው) መካከል ያለው የግፊት ልዩነት 43.5 ፒኤስአይ ሲሆን ነው። ይህን ልዩነት የሚጠብቀው ሬጉሌተሩ ነው። ቡስቱ 20 ከሆነ የነዳጁ ግፊት 63.5 መሆን አለበት። ኢቮ 9 ላይ የነዳጅ ግፊት ሴንሰር የለም። ስለዚህ ግፊቱ ቢወድቅ ኮምፒውተሩ አያውቅም፣ ልክ እንደወትሮው ከፍቶ ይዘጋል፣ የሚገባው ነዳጅ ግን ያንሳል።

አሁን ሎግህን ተመልከት። እስከ 5500 ድረስ ቀጥ ያለ 11.3፣ ከዚያ እየሰፋ የሚሄድ ጉድለት። ይህ የሰንጠረዥ ስህተት አይመስልም። የሰንጠረዥ ስህተት ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ጎበጥ ብሎ ቀጣዩ ቦታ ላይ ይመለሳል። ያንተ ግን አይመለስም። የአቅርቦት ጉድለት መልክ ነው ያለው። ሰፈሩ ሁሉ ቧንቧ ሲከፍት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ውሃው እንደሚቀጥነው ማለት ነው። እንዲህ በሆነ ጊዜ ማፑ ላይ 15% ብትጨምር ኢንጀክተሩ ረዘም ላለ ጊዜ ይከፈታል፣ ፓምፑ ግን ያለውን ሁሉ ሰጥቶ ጨርሷል፣ ስለዚህ ግፊቱ የባሰ ይወርዳል። ቁጥሩ ትንሽ የተሻለ መስሎህ ልትደሰት ትችላለህ፣ ከዚያ አንድ ሞቃት ቀን ላይ ሞተሩን ታጣዋለህ።

ኢንጀክተሩ አነሰ እንዳትል ደግሞ ቀለል ያለ ሒሳብ እንሥራ። ባለ ቱርቦ ሞተር በቤንዚን ለአንድ ፈረስ ጉልበት በሰዓት 0.6 ፓውንድ ነዳጅ ገደማ ይፈልጋል። 380 ሲባዛ በ0.6፣ 228 ፓውንድ በሰዓት። ለአራት ስታካፍለው ለእያንዳንዱ ኢንጀክተር 57። በ10.5 ስታባዛው 600 ሲሲ ገደማ። ኢንጀክተር ከ80% በላይ ክፍት እንዲሆን አንፈልግም፣ ስለዚህ የሚያስፈልግህ 750 ሲሲ ነው። አንተ 1000 አለህ፣ ይተርፍሃል።

ፓምፑስ? 228 ፓውንድ ወደ 140 ሊትር በሰዓት ይመጣል። 255 ሊትር የተጻፈበት ፓምፕ ሲታይ ብዙ የሚተርፈው ይመስላል። ያ 255 ግን የተለካው በዝቅተኛ ግፊትና በ13.5 ቮልት ገደማ ነው። ግፊቱ 63 ሲደርስ የሚገፋው ይቀንሳል። ቮልቱ ሲወርድ ደግሞ በጣም ይቀንሳል። ሥራህ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ሁለት ነገር ለካ። አንደኛ፣ የነዳጅ ግፊቱን በጭነት ላይ፣ ቡስት እያለ። ጋራዥ ቆሞ ሚኒሞ ላይ የሚለካው ግፊት ለዚህ ችግር ምንም አይነግርህም። ኤሌክትሪክ ሴንሰር ገጥመህ ሎግ ውስጥ ብታስገባው ይመረጣል። ቤንዚን የያዘ ቱቦ ወደ ተሳፋሪ ክፍል አታስገባ፣ ይህን በጣም አደራ እላለሁ። ሁለተኛ፣ ፓምፑ ሶኬት ላይ ያለውን ቮልት፣ ይህንንም ሞተሩ በጭነት እየሠራ። ከባትሪው ጋር አወዳድረው። ይህን ሁሉ ዳይኖ (መኪናው ቆሞ ጉልበቱ የሚለካበት ማሽን) ላይ ሥራው። መንገድ ላይ አትሞክር፣ ዝቅ ባለ ቡስት ጀምር፣ ቁጥሩ 11.8ን ካለፈ እግርህን አንሳ።

ሉላ_ሲያትል፦

ቴስታታ ላይኛውን ነገር ጨርሶታል፣ እኔ ስለ ሚኒሞው ልጻፍ። ሁለቱ ችግሮች የተለያየ ምንጭ ያላቸው ይመስለኛል።

ኢንጀክተር ኤሌክትሪክ እንደደረሰው ወዲያው አይከፈትም። መርፌዋ ተነስታ ነዳጅ እስክታሳልፍ ድረስ 1 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይፈጃል። ይህን የመዘግየት ጊዜ ኮምፒውተሩ በባትሪው ቮልት ልክ ይጨምራል። እዚህ ቁጥር ላይ 0.2 ሚሊሰከንድ ስህተት ቢኖር ምን ይሆናል? ሚኒሞ ላይ ኢንጀክተሩ የሚከፈተው 1.6 ሚሊሰከንድ ብቻ ከሆነ ስህተቱ 12% ይሆናል። በዝግታ ስትነዳ 4 ሚሊሰከንድ ከሆነ 5%። ሙሉ ጭነት ላይ 12 ሚሊሰከንድ ሲከፈት ደግሞ 2% እንኳን አይሞላም፣ አይታይህም። ያንተን +12 እና +5 ስመለከት በቀጥታ የታየኝ ይሄ ነው። የኢንጀክተሩ መጠን በስህተት ገብቶ ቢሆን ኖሮ ግን ጉድለቱ ሚኒሞ ላይም፣ ጉዞ ላይም፣ ጭነት ላይም በመቶኛ ተመሳሳይ ይሆን ነበር።

አሁን ኢቮን የሚመለከተው ነገር። ኢቮ 8 እና 9 ከፋብሪካ የሚመጡት ዝቅተኛ ሬዚስታንስ ባለው ኢንጀክተር ነው። ኤሌክትሪኩ ከመጠን በላይ እንዳይፈስ መስመሩ ላይ የሬዚስተር ሳጥን አለ፣ ሞተር ክፍሉ ውስጥ ከኋላ ግድግዳው ላይ ታገኘዋለህ። ዛሬ የሚሸጡት አብዛኞቹ 1000 ሲሲ ኢንጀክተሮች ግን ከፍተኛ ሬዚስታንስ ያላቸው ናቸው። እነሱ ሳጥኑን አይፈልጉም። ሳጥኑ ካልታለፈ ኤሌክትሪኩ ይዳከማል፣ መርፌዋ ዘግይታ ትነሳለች፣ ከአምራቹ ወረቀት ላይ ወስደህ የጻፍከው የመዘግየት ሰንጠረዥም ከእውነታው ጋር አይገጥምም።

ስለዚህ መልቲሜትር ያዝና የኢንጀክተሩን ሁለት እግሮች ለካ። ከ11 እስከ 14 ኦም ካነበብክ ከፍተኛ ነው፣ ሳጥኑን በድልድይ ሽቦ ማለፍ ትችላለህ። 2 ወይም 3 ኦም ካነበብክ ግን ሳጥኑን በፍጹም እንዳትነካው፣ የኮምፒውተሩን ኢንጀክተር መክፈቻ ታቃጥለዋለህ። ሳትለካ አትቁረጥ።

ሌላም ነገር አለ። ማስተካከያውን ከማመንህ በፊት የጭስ መስመሩ ላይ ቀዳዳ አለመኖሩን አረጋግጥ። ከሴንሰሩ በፊት ትንሽ ክፍተት ካለ ሚኒሞ ላይ የውጭ አየር ይስባል፣ ሴንሰሩም ነዳጅ አነሰ ብሎ ይዋሻል። ካንዴላ ሲስትም እንደዚሁ ነው፣ ያልተቃጠለው ኦክስጅን ሴንሰሩ ላይ ይደርስና የነዳጅ እጥረት ይመስላል።

የዱባይ_ጋራዥ፦

ሰላም የአገሬ ልጆች፣ ጥሩ ውይይት ነው። እኔ ዱባይ ነው የምሠራው። ኢ85 ለሚለው ጓደኛህ መልስ ልስጥ።

ኢ85 ማንኳኳትን በጣም ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ግን የነዳጅ ፍላጎትህን በ30% ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ቤንዚን ለማቃጠል ለ1 ኪሎ ነዳጅ 14.7 ኪሎ አየር ይበቃል፣ ለኢ85 ግን 9.8 ገደማ ነው። ቴስታታ 140 ሊትር ያለው ከ180 በላይ ይሆናል። አሁኑኑ 140ውን መስጠት ላቃተው መስመር 180 መጠየቅ አይሆንም። ኢንጀክተርህም ከ750 ወደ 1000 ይጠጋል፣ ትርፉ ያልቃል። በዚያ ላይ አሜሪካ ውስጥ ኢ85 ተብሎ የሚሸጠው እንደ ቦታውና እንደ ወቅቱ ከ51 እስከ 83% ኤታኖል ሊሆን ይችላል። የኤታኖል መጠን የሚለካ ሴንሰር ሳይኖር በአንድ ማፕ ክረምትና በጋ መንዳት አደጋ ነው። መጀመሪያ መስመሩን አስተካክል፣ ከዚያ ካሰኘህ እንነጋገራለን።

ሌላው፣ የሰው ማፕ ከኢንተርኔት አውርደህ እንዳትጭን። በተለይ ከእኛ አካባቢ። እዚህ 98 ኦክቴን እንቀዳለን፣ ቁጥሩም የሚለካበት መንገድ ይለያል። የእናንተ 91 በእኛ አለካክ 95 ወይም 96 ገደማ ነው። ለ98 የተሠራ የእሳት ጊዜ (ካንዴላው የሚተኩስበት ቅጽበት) እዚያ ሞተር ይሰብራል።

ካርብራተር_አዲስ፦

እኔ ደግሞ ልጠይቅ። አዲስ አበባ ካርብራተር ያላቸውን የድሮ ኮሮላዎች ለውድድር የሚያዘጋጁ ልጆች ጋር እሠራለሁ። እዚህ ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፣ አየሩ ከባህር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። ለጠረፍ የተሠራ ካርብራተር እዚህ ሲመጣ ነዳጅ ይበዛበታል፣ በ12 ወይም 13% ገደማ። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ቤንዚን ይጠጣል፣ ጉልበቱም ይሞታል። ስለዚህ የካርብራተሩን ነዳጅ ማሳለፊያ ቀዳዳ በትንሹ እናስቀይራለን፣ የእሳት ጊዜውንም ትንሽ እናስቀድመዋለን። እኛ ጋ ከፍታ ሲጨምር ነዳጅ ይበዛል፣ እሱ ጋ ግን አነሰ ነው የሚለው። የዴንቨር ከፍታ ነገሩ ውስጥ ይኖርበት ይሆን?

ነዳጅ ሲቀየር ምን እንደሚያመጣም እናውቀዋለን። እዚህ እ.ኤ.አ. በ2008 5% ኤታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ተጀምሮ ነበር፣ በ2011 ወደ 10% ከፍ አለ። ካርብራተር ራሱን አያስተካክልም፣ ኤታኖል በገባ ቁጥር ትንሽ ነዳጅ ያንሰዋል፣ የድሮ ጎማዎችንም ይበላል። አሁን በቤንዚን የሚሠሩ የግል መኪናዎች ማስመጣት ከቆመ ወዲህ ያሉትን አሮጌዎች በደንብ መያዝ ግዴታችን ሆኗል፣ ለዚህ ነው እንዲህ ያለውን ውይይት በጉጉት የምከታተለው።

ቴስታታ፦

ካርብራተር_አዲስ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ካርብራተር የሚያየው የአየሩን ፍጥነት ነው፣ የአየሩን ክብደት አያውቅም። ለዚህ ነው ከፍታ ላይ የሚያበዛው። ኢቮ ግን የሚገባውን አየር የሚለካ ሴንሰር አለው፣ ከጎኑም የከባቢ አየር ግፊትና ሙቀት የሚያነቡ አሉት። አየሩ ከሳሳ ነዳጁንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ከፍታው የነዳጅ ጉድለት አያመጣም።

ከፍታው የሚጎዳው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ዴንቨር የከባቢው ግፊት 12 ፒኤስአይ ገደማ ነው፣ ጠረፍ ላይ 14.7። ጌጁ ላይ 23 እንዲታይ ቱርቦው እዚያ አየሩን ወደ 3 እጥፍ ገደማ ማመቅ አለበት፣ ጠረፍ ላይ ግን 2.6 እጥፍ ይበቃዋል። ቱርቦው የበለጠ ይሽከረከራል፣ አየሩ የበለጠ ይሞቃል፣ ሞተሩም ለማንኳኳት ይቀርባል። ኢቮ9፣ 23ቱን ዝቅ አድርገው ያልኩህ ለዚህም ጭምር ነው።

ኢቮ9_ዴንቨር፦

ጋሼ ቴስታታ፣ እህቴ ሉላ፣ ሁላችሁም በጣም አመሰግናለሁ። ዳይኖ ላይ ወስጄ ለካሁት።

የነዳጅ ግፊቱ እስከ 5400 ዙር ድረስ ቡስቱን ተከትሎ ይሄዳል። ከዚያ መውረድ ይጀምራል። 6000 ላይ ቡስቱ 20 ሆኖ የነዳጁ ግፊት 53 ብቻ ነው። ፓምፑ ሶኬት ላይ በጭነት 10.9 ቮልት አነበብኩ፣ ባትሪው ላይ በዚያው ሰዓት 14.0 ነበር። ኢንጀክተሮቹ አራቱም 12 ኦም አካባቢ ናቸው፣ የሬዚስተር ሳጥኑ ግን እንደተገጠመ ነው። ኢንጀክተሩን የገጠመው ጋራዥ ረስቶት ነው የሄደው። የጭስ መስመሩን በጭስ መፈተሻ አስፈተሽኩት፣ ክፍተት የለም።

አሁን ቅደም ተከተሉ ምንድን ነው? ፓምፑን በትልቅ ልቀይረው ወይስ ሽቦውን?

ቴስታታ፦

ተገኘ። ሒሳቡን ተመልከት እንዴት እንደሚገጥም። መሆን የነበረበት ልዩነት 43.5 ነው። ያንተ 53 ሲቀነስ 20፣ 33 ቀረ። የሚፈሰው ነዳጅ የሚቀንሰው በግፊቱ ስኩዌር ሩት ልክ ነው። 33 ሲካፈል ለ43.5፣ 0.76 ነው፣ ስኩዌር ሩቱ 0.87። 13% ነዳጅ ጎደለህ ማለት ነው። 11.3ን ለ0.87 አካፍለው፣ 13 ገደማ ይሰጥሃል። ሎግህ ላይ ያየኸው 12.9 ነው። ማፕህ ንጹሕ ነው፣ ምንም አልበደለም።

ፓምፑን አትቀይር። 3 ቮልት መንገድ ላይ እየጠፋብህ ትልቅ ፓምፕ ብትገጥም የበለጠ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ቮልቱም የባሰ ይወርዳል። የኢቮ የፓምፕ መስመር ረጅምና ቀጭን ነው፣ በዝቅተኛ ጭነት ላይ ደግሞ በሬዚስተር በኩል ያልፋል። ከባትሪው ቀጥታ ወፍራም ሽቦ ሳብ፣ 10 ጌጅ ይበቃል። ባትሪው አጠገብ፣ በጣም ቅርብ፣ 30 አምፒር ፊውዝ አድርግ። ከኋላ ፓምፑ አጠገብ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚቀሰቀስ ማብሪያ) ግጠም፣ የድሮው የፓምፕ ሽቦ ሪሌውን ብቻ ይቀስቅሰው። እንዲህ ካደረግክ ሞተሩ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ፓምፑን እንደወትሮው ያጠፋዋል፣ ይህ ለደኅንነትህ ነው። ማሳውንም (የኔጋቲቭ መስመሩን) አትርሳ። አዲስ ወፍራም ማሳ ከፓምፑ ወደ ቦዲው፣ ቀለሙን ፍቀህ።

የነዳጅ ማጣሪያውንም በዚያው ቀይር፣ ታንኩ ተከፍቶ እያለ።

ሉላ_ሲያትል፦

የኔ ክፍል፦ 12 ኦም ስለሆነ ሳጥኑን እለፈው። ከዚያ የመዘግየት ሰንጠረዡን አምራቹ ለዚያ ኢንጀክተር በ43.5 ፒኤስአይ በሰጠው ቁጥር ሙላው። የረጅም ጊዜ ማስተካከያውን ዜሮ አድርገህ ሞተሩ ሙሉ ለሙሉ እስኪሞቅ ጠብቅ፣ ከዚያ ንዳው። ፓምፑና ሳጥኑ ሳይስተካከሉ ሰንጠረዥ እንዳትቀይር፣ ሁለቱም ከተለወጡ በኋላ የምታነበው ቁጥር ሌላ ነው።

ኢቮ9_ዴንቨር፦

ሁሉንም ሠራሁት። ፓምፑ ላይ አሁን በጭነት 13.6 ቮልት አለ። 6000 ላይ የነዳጁ ግፊት 63 ነው፣ 7000 ላይም እዚያው ነው። ምጥጥኑ ከታች እስከ ላይ ከ11.2 እስከ 11.4 ውስጥ ይቆያል። አንድም የነዳጅ ሰንጠረዥ አልነካሁም። ቡስቱን 21 ላይ አድርጌዋለሁ፣ ማንኳኳቱ ጠፍቷል።

ሚኒሞውም ረግቷል። ግን ማስተካከያው አሁን -6% ሆኗል፣ በዝግታ ስነዳ ደግሞ -2%። ነዳጅ በዛበት ማለት ነው? የመዘግየት ቁጥሩን ልቀንሰው?

ቴስታታ፦

ደስ ብሎኛል። ቁጥሩን ገና አትቀንስ። ፓምፑ አሁን ሙሉ ቮልት ስላገኘ ሚኒሞ ላይ በጣም ብዙ ነዳጅ ይገፋል፣ ሞተሩ ግን ትንሽ ነው የሚጠጣው። የፋብሪካው ሬጉሌተር የመመለሻ ቀዳዳው ጠባብ ነው፣ ያን ሁሉ ወደ ታንክ መመለስ ያቅተዋል። ኢቮ ላይ ይህ የታወቀ ነው። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እያለ የሬጉሌተሩን ቀጭን የአየር ቱቦ ንቀልና ድፈነው፣ ግፊቱን አንብብ። 43 ወይም 44 ከሆነ ሬጉሌተሩ ደህና ነው፣ ሉላ የመዘግየት ቁጥሩን ታስተካክልልሃለች። 48 ወይም 50 ካሳየህ ግን ሰፋ ያለ የመመለሻ መስመር ያለው ሬጉሌተር ግዛና 43.5 ላይ አስረው።

ኢቮ9_ዴንቨር፦

49 ነው። ሬጉሌተሩን አዝዣለሁ፣ እንደገጠምኩት ሎጉን እዚሁ እለጥፋለሁ።